ሥጋ በበቅሎ ጭነት

ሥጋን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ጊዜ። ቤት ውስጥ ሁለቱንም ፍሪጅ ይገታቸዋል። ድንኳን ጭኖ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ግን ፍሪጁን ከኋላው ትቶ ስለሚሄድ፣ ሥጋው በየትኛው ሌሊት እንደሚበላ፣ እስከዚያ ድረስ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚቆይና በምን እንደሚበስል ከመነሳቱ በፊት መወሰን ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በየዓመቱ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርና ግጭ ላይ እያደረ ጨነቅ የሚደርሰው የእግር ጉዞ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ ቧሂትን ተሻግሮ ራስ ደጀንን የሚጨምር ሰው ደግሞ ሳምንት ገደማ ይቆያል። በካምፖቹ ላይ ሉካንዳ ቤት የለም።

ዋናው የጉዞ ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። በእነዚህ ወራት ደባርቅ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ግርግር ተመሳሳይ ነው። አስጎብኚውና ጠመንጃ ያነገተው ስካውት ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ በቅሎ ነጂዎቹ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ጄሪካኑንና ምድጃውን ግራና ቀኝ እያመዛዘኑ በገመድ ይጠፍራሉ፤ ምግብ አብሳዩ ድንችና ሽንኩርቱን፣ ጎመንና እንቁላሉን ይቆጥራል። ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ከሉካንዳ እንደተቆረጠ፣ በፌስታል ተቋጥሮ፣ ገና ለብ እንዳለ። መጨረሻ የመጣ ዕቃ ከላይ ይጫናል፤ ከላይ የተጫነ ዕቃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። የካምፕ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጠነሰሰው ድስቱ ሳይጣድ፣ እዚሁ ጭነት ላይ ነው።

የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ክልል የአደጋ ቀጣና ይሉታል። በሥጋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዚህ ክልል ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ በጣም ሲስማማቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ መሆን ይችላሉ። በዚህ ስሌት አንዲት ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ትበልጣለች። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለምግብ የሚሰጠው መመሪያም ከዚህ የተነሳ ነው፦ ጥሬም ሆነ የበሰለ ሥጋ ከቅዝቃዜ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ደጋ ላይ ሰውን የሚያዘናጋው ብርዱ ነው። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሌሊት ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ከዚያም በታች የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሥጋው በዚህ ብርድ ይበላሻል ብሎ ለማሰብ ይቸግረዋል። ነገር ግን ቀን ላይ አየሩ ከ11 እስከ 18 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ለሰው ብርድ፣ ለባክቴሪያ ግን በቂ ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት መራባታቸው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በዚያ ላይ በከፍታው ምክንያት አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ጥቁር ሸራ የለበሰ ወይም በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጭነት በ15 ዲግሪ አየር ውስጥ እየሄደ ከውስጡ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ የተራራው ብርድ በሌሊት የሚረዳ፣ በቀን የማይታመን ረዳት ነው፤ ሥጋው ሌሊት ያገኘውን ቅዝቃዜ ቀን እንዳያባክነው አድርጎ ማሸግ የሰው ሥራ ነው።

አፍንጫም የተሟላ ዳኛ አይደለም። ሥጋን የሚያገሙት፣ የሚያዝለገልጉትና ቀለሙን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ሰውን ክፉኛ የሚያሳምሙት አይደሉም። ሳልሞኔላ፣ በሽታ አምጪው ኢ. ኮላይና በዶሮ ላይ የሚገኘው ካምፒሎባክተር ሥጋው ሳይሸት፣ መልኩም ሳይጠፋ ለሕመም የሚበቃ ያህል ሊኖሩ ይችላሉ። የሸተተ ሥጋ መጣል አለበት፤ አለመሽተቱ ግን ደህንነቱን አያረጋግጥም። ሚጥሚጣና አዋዜም ሆኑ አብሮ የሚጠጣው አረቄ ይህን አይለውጡትም። ቅመሙ ጣዕም ይሰጣል፣ ጨው በብዛት ሲሆን የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል፤ ለጥብስ የሚነሰነሰው መጠን ግን ለዚህ አይበቃም።

ከሉካንዳ እስከ በረዶ ሳጥን

ለጉዞ የሚገዛ ሥጋ ያልተከተፈና ያልተፈጨ፣ በትልቁ የተቆረጠ ቢሆን ይመረጣል። የጤናማ ከብት ጡንቻ ውስጡ ከባክቴሪያ ንጹህ ነው ለማለት ይቻላል፤ ቆሻሻው ያለው ቢላዋ፣ እጅና ቆዳ የነካው ላይ ላዩን ነው። ሥጋው ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለባክቴሪያ የሚጋለጠውም ገጽ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ባልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ሀምበርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 በተባለው ዝርያ ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ፣ ላልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ ግን 63 ዲግሪና የ3 ደቂቃ ዕረፍት የሚመከረው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው። ክትፎና ምንቸት አብሽ የሚወድ መንገደኛ ሥጋውን እንደ ድፍኑ ተሸክሞ ምግብ በሚሠራበት ሰዓት ቢከትፈው ይሻለዋል፤ ክትፎውም ለብ ለብ ሳይሆን የበሰለ መሆን አለበት። ቁርጥና ጎረድ ጎረድ ለከተማ ይቆዩ። ከተማ ውስጥ የሚበላው ጥሬ ሥጋ ቢያንስ በቄራ ሐኪም ሊታይ ይችላል፤ ከታረደም ብዙ ሰዓት አይቆይም። ካምፕ ላይ ሁለቱም የሉም። የኮሶ ትልም የሚተላለፈው በጥሬ የበሬ ሥጋ ነው።

ማቀዝቀዝ ባክቴሪያን አይገድልም፤ መራባቱን ያስቆማል፣ በረዶው ሲቀልጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ለኮሶ ትል እጭ ግን ቅዝቃዜ ገዳይ ነው፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ ሥጋ እጩ ይሞትበታል። ለጉዞ ዋናው የማቀዝቀዝ ጥቅም ሌላ ነው። በረዶ ሲቀልጥ የሚመጠው ሙቀት በጣም ብዙ ነው፤ 1 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት ያንኑ 1 ኪሎ ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው 80 እጥፍ ያህላል። ሥጋም አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ስለሆነ ሲጋገር ራሱ በረዶ ይሆናል። ከሉካንዳ በ24 ዲግሪ የወጣ 4 ኪሎ ሥጋ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ወደ 4 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ 1 ኪሎ ገደማ በረዶ ያቀልጣል። ያው 4 ኪሎ በፍሪዘር ጠጥሮ ከገባ ግን በተቃራኒው ከ3 ኪሎ የማያንስ በረዶ እንደተጨመረ ይቆጠራል። ልብ ያለው ተጓዥ ሥጋውን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቀን ቀድሞ ገዝቶ አጋግሮ የሚነሳው ስለዚህ ነው።

አጋገሩም ዘዴ አለው። 5 ኪሎ በአንድ ጉብታ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ መሐሉ እስኪጠጥር ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሐሉ ለብ እንዳለ ይቆያል። ለአንድ ማዕድ የሚሆነው እየተለየ፣ ከ3 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ፣ አየሩ ወጥቶ በሁለት ፌስታል ቢታሸግ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሁለተኛው ፌስታል የሚያስፈልገው ደሙ እንዳይፈስ ነው፤ ከሥጋው የወጣ ፈሳሽ ሰላጣና ቲማቲም ላይ ከደረሰ እነዚያ የማይበስሉ ምግቦች ከሥጋው የባሰ አደገኛ ይሆናሉ። በየማዕዱ መለየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለዛሬ ማታ የሚሆነው ሲወጣ የነገው አይነካም።

በረዶ ለመሥራት ከሃይላንድ የሚሻል ዕቃ አይገኝም። ባዶው የውኃ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ያህል ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ ውኃ ሲጋገር ስለሚሰፋ እስከ አፉ የተሞላ ይፈነዳል። ቀልጦም ቢሆን አይፈስም፣ ሲቀልጥም ይጠጣል። ከተሰባበረ በረዶ ይልቅ ትልልቅ ጠርሙስ የሚመረጠው ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ነው። አይስቦክሱ ራሱ ከዋዜማው ጀምሮ በሁለት በረዶ ሃይላንድ ቢቀዘቅዝ፣ ጠዋት የሚገባው በረዶ የሳጥኑን ግድግዳ በማቀዝቀዝ አይባክንም። አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ከታች በረዶ፣ ከመሐል እርስ በርሱ የተጣበቀ ሥጋ፣ ከላይ በረዶ። ባዶ ቦታ ከቀረ በፎጣ ወይም በጋዜጣ ይሞላል፤ ባዶ የቀረ ቦታ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሞቃት አየር ይሞላዋል። በመጀመሪያው ሌሊት የሚበላው ከላይ፣ የመጨረሻው ከታች ይሁን። ቢራና ለስላሳ ለብቻቸው ሌላ ዕቃ ውስጥ መሆን አለባቸው። ለስላሳ ፍለጋ በየሰዓቱ የሚከፈት ሳጥን ሥጋውን እስከ ጨነቅ አያደርስም።

ጭነት ላይ ሳጥኑ ከጎን፣ ከድንኳኑና ከብርድ ልብሱ ሥር ይታሰራል፤ በላዩ ነጭ ጨርቅ ወይም እርጥብ ጆንያ ቢጣልበት ይጠቅማል። በበጋ የሰሜን አየር ደረቅ ስለሆነ ጆንያው ላይ ያለው ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ይህ ዘዴ የሳጥኑን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ በረዶን አይተካም፤ እርጥብ ጨርቅ በቀን አየር ውስጥ ሥጋን ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ አይችልም። የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ካምፕ ሲደርስ ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ወይም ሥጋው መሐሉ ላይ ገና በረዶ ካለው፣ ለቀጣዩ ቀን ይቆያል። ጠርሙሶቹ ቀልጠው ሥጋው ለብ ካለና መቼ እንደሞቀ ካልታወቀ ግን ቀቅሎ ማዳን የለም፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ይገለጻል።

ሥጋው በእግሩ ሲሄድ

በረዶ ከመታወቁ በፊት የነበረው መፍትሔ እስካሁን ይሠራበታል፤ በጉን ከነነፍሱ መውሰድ፣ ወይም መንገድ ላይ ከገበሬ መግዛት። በግ ራሱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ እስከታረደበት ደቂቃ ድረስም አይበላሽም። የአገራችን የደጋ በግ ሲታረድ 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣዋል፤ ለስምንት አሥር ሰው አንድ ማታና አንድ ቀን በቂ ነው። የሚታረደው በግ ቆሞ የሚሄድ፣ የሚበላና የሚያመነዥክ መሆን አለበት። የታመመ ወይም ሞቶ የተገኘ እንስሳ ርካሽ ቢሆንም አይበላም፤ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ የአባሰንጋ ባክቴሪያ የሚሠራው ስፖር ደግሞ በተራ ምግብ ማብሰል አይሞትም።

ቡድኑ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ካሉ፣ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ ከደህንነት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ሆኖም በጉ ታርዶ ግማሹ ሰው ካልበላው ሥጋው ይተርፋል፣ የተረፈው ያድራል። ቀድሞ ተጠያይቆ መወሰን የትርፉን መጠን ይቀንሳል። ጾሙም እንዲሁ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳርና ታኅሣሥን፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የየካቲትና የመጋቢትን ብዙውን ቀን ይዘው በጉዞ ወቅት ይውላሉ። በጾም ሉካንዳዎች በብዛት ይዘጋሉ፣ አስጎብኚውና በቅሎ ነጂውም ሥጋ አይቀምሱም፤ ለአሥር ሰው የታሰበው ለአራት ሰው ይሆናል። ረቡዕና ዓርብም አብረው ይቆጠራሉ።

አንዴ ከታረደ በኋላ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የብልቱ ጠባይ ነው። ቶሎ የሚበላሸው የሆድ ዕቃው ነው። ጨጓራና አንጀት በባክቴሪያ የተሞሉ ናቸው፣ ጉበትም ቶሎ ይለወጣል፤ ስለዚህ ዱለቱ በዚያው ሰዓት ተሠርቶ፣ በደንብ በስሎ ይበላል። ጨጓራው የሚታጠበው ከመጠጥ ውኃ ምንጭ በታች፣ ሥጋው ከሚቆረጥበት ርቆ ነው። ቀሪው ሥጋ አጥንቱ ላይ እንዳለ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሁሉም ጎን እንዲያገኘው ተሰቅሎ ያድራል። እዚህ ላይ የተራራው ብርድ እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል፤ ደረቁ የሌሊት ነፋስ የሥጋውን ላይ ሽፋን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ገጽ ደግሞ ለባክቴሪያ አይመችም። ከዝንብ እንዲጠበቅ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በፌስታል ግን መታፈን የለበትም፣ ያልቀዘቀዘ ሥጋ ታሽጎ ሲያድር ጠዋት ያዝለገልጋል። ሲነጋ፣ ፀሐይ ሳትወጣበት፣ የቀዘቀዘው ሥጋ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀን ያልቃል።

ቋንጣ የሚጀምረው እነዚህ ሁሉ ሲያልቁ ነው። ጉዞው ከሦስት ሌሊት ከበለጠ በረዶ አይደርስለትም፣ በግም በየመንደሩ አይገኝ ይሆናል፤ ቋንጣ ግን ያለ ምንም ቅዝቃዜ ሳምንታት ይቆያል። ምሥጢሩ ውኃው ነው። የጥሬ ሥጋ ሦስት አራተኛ ያህል ክብደቱ ውኃ ነው፤ ባክቴሪያ የሚራባው በዚህ ነፃ ውኃ ነው። ጨው ከፊሉን ይይዘዋል፣ ነፋስ ቀሪውን ይወስደዋል። የምግብ ሳይንስ ይህን ነፃ ውኃ ከ0 እስከ 1 በሚሄድ መለኪያ ይመዝነዋል፤ ጥሬ ሥጋ 0.99 ገደማ ሲሆን ወደ 0.85 ሲወርድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል። ሻጋታ ግን ከዚያም በታች ይኖራል፤ በደንብ ያልደረቀ ቋንጣ ሳይገማ የሚሻግተው ለዚህ ነው።

ለቋንጣ የሚሆነው ቀይ ሥጋ ነው። ጮማው ተገፎ ይወጣል፤ ስብ አይደርቅም፣ ሲውል ሲያድር ይበላሽና ቋንጣውን ሁሉ የከረፋ ያደርገዋል። ሥጋው ከ1 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ውፍረት እንዲኖረው እየተዘለዘለ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በበርበሬ ይታሻል፤ ከዚያ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በገመድ ላይ፣ አንዱ ዝልዝል ሌላውን ሳይነካ ይሰቀላል። በበጋ ጥቂት ቀናት ይበቁታል፤ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከመድረቁ በፊት መሻገት ይቀናዋል። የደረሰ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውስጥ እርጥበት አይታይም። አንድ ኪሎ ሥጋ ወደ አንድ ሦስተኛው ይወርዳል፤ ለበቅሎውም ለተሸካሚውም ዕፎይታ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቋንጣ ጥሬ መሆኑን ነው። መድረቅ ባክቴሪያውን መራባት ይከለክለዋል እንጂ ሁሉንም አይገድለውም፤ እንዲያውም ደርቆ የተኛ ሳልሞኔላ ከእርጥቡ ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለደረቅ ሥጋ የሚሰጠው ምክር ከመድረቁ በፊት ሥጋው 71 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲሞቅ ነው። በእኛ አገር ባህል ይህ አልተለመደም፤ ቋንጣ ግን ወጥ ውስጥ ገብቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ለረጅም ጊዜ ተንተክትኮ ፍርፍር ስለሚሆን ሥራው በመጨረሻ ይሠራል። መንገድ ላይ እየሄዱ ደረቁን ማኘክ ነው ደካማው ልማድ። አያያዙም ቀላል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ለብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ የታሸገ ቋንጣ ላብ ያወጣና በሦስተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ ያበቅላል።

የታሸገ የቆርቆሮ ሥጋና ቱና ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ነፃ ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ 121 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ስፖሩ ጭምር ሞቷል። የተነፋ፣ የሚያፈስ ወይም ስፌቱ ላይ የተጨፈለቀ ቆርቆሮ ይጣላል። የተከፈተ ቆርቆሮ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደማንኛውም ሥጋ ነው።

እሳቱ ላይ

ግጭና ጨነቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ ተነስቶ ተራራ ላይ የተቀቀለ ሥጋ ባክቴሪያው አይሞትም የሚል ወሬ ይሰማል፤ ልክ አይደለም። ለዶሮ የሚያስፈልገው 74፣ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ነው፤ 88 ሁለቱንም በሰፊው ያልፋል። እውነተኛው ችግር ጊዜው ነው። ሙቀቱ ከድስቱ ወደ ትልቅ ጉማጅ ሥጋ መሐል ለመግባት ይዘገያል፣ ጅማቱም ለመለስለስ ከወትሮው ብዙ ይፈጃል። ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት የሚደርስ ቅቅል እዚያ ሁለት ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ስለማይፈቀድ የሚነደው ከታች የተጫነ ላምባ ወይም ጋዝ ነው። የቡቴን ጋዝ ደግሞ ብርዱ ዜሮ ሲጠጋ ከጠርሙሱ በደካማው ይወጣል። ሦስቱ ሲገናኙ ውጤታቸው የታወቀ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቀድሞ የሚወርድ፣ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ደም ያዘለ ሥጋ። ሥጋውን በትንንሹ መቁረጥ፣ ድስቱን ከነክዳኑ መጣድና ምድጃውን ከነፋስ መከለል ከዚህ ያድናሉ፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት የያዘ ደግሞ ነዳጁንም ጊዜውንም ይቆጥባል። ጥብሱ ላይ ቴርሞሜትሩ መሐል ለመሐል ይሰካል። ቴርሞሜትር በሌለበት ወጥና ቅቅል ከጥብስ ይታመናሉ።

የምግብ አብሳዩ እጅ የራሱ ምዕራፍ ነው። ካምፕ ላይ ውኃው በረዶ ነው፣ ሩቅም ነው፤ ሰው በዚያ ብርድ ሳሙና ይዞ እጁን ማሸት ይሰለቻል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሰው አፍንጫ፣ ቆዳና በቆሰለ ጣት ላይ ይኖራል፤ በበሰለ ሥጋ ላይ አርፎ ለብ ባለ ቦታ ሲራባ የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። የሞቀ ሥጋን ቀቅሎ ማዳን አይቻልም የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። ለእጅ የሚሆን ለብ ያለ ውኃ ከማንኛውም ማብሰል በፊት መጣድ አለበት፤ ጣቱ የቆሰለ ሰው ሥጋ አይንካ፤ ለጥሬ ሥጋና ለሰላጣ የሚያገለግለው መክተፊያም አንድ አይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው የተረፈው ወጥ ነው፤ እዚህ ላይ አደገኛው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ነው። ስፖሩ ማፍላትን ያልፋል፣ ወጡ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይነቃል፣ አየር በሌለበት የድስት ሆድ ውስጥ በፍጥነት ይራባል። ትልቅ ድስት ክዳኑ ተከድኖ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ለነገ ቁርስ ተብሎ የሚያድርበት ልማድ ለዚህ ባክቴሪያ የተመቻቸ ነው። አገልግል ውስጥ ለብ እያለ የሚጓዝ ዶሮ ወጥም እንዲሁ፤ አገልግል ደረቅ ስንቅ ለመያዝ ግሩም ዕቃ ነው፣ ሥጋ ያለበት ወጥ ግን ሰዓታትን በአደጋ ቀጣናው ውስጥ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። የሚመከረው የማቀዝቀዝ ፍጥነት ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከ21 ወደ 4 ገደማ በተጨማሪ 4 ሰዓት ነው። ተራራ ላይ ይህ ከቤት ይልቅ ይቀላል፤ ወጡ በዝርግ ሳህኖች ላይ በስሱ ተዘርግቶ በሌሊቱ ብርድ ቢቀመጥ ቶሎ ይበርዳል፣ ከዚያ ተከድኖ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ጠዋት እየተንተከተከ እስኪፈላ ይሞቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚያልቀውን ያህል መሥራት ነው።

አጥንቱና የሚመኙት

የሥጋ ሽታ እንግዳ ይጠራል። ቀን ላይ ባለ ትልቅ መንቁሩ ቁራ ከሳህን ላይ ሳይቀር ይነጥቃል፤ ሌሊት ጅብና ቀበሮ ይዞራሉ። ሳጥኑ በገመድ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ሰው ከሚተኛበት ድንኳን ውጭ ያድራል። ጭላዳዎች ሣር በል ስለሆኑ ለሥጋው አያስቡም፤ እንጀራና ድንች ግን አይምሩም። በአሜሪካ የሚኖሩና ዮሰሚቲን በመሳሰሉ ፓርኮች ድንኳን የሚተክሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ እንግዳ አላቸው። እዚያ ከመንገድ ርቆ የሚያድር ሰው ምግቡን ድብ ሊከፍተው በማይችል ጠንካራ ዕቃ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል፤ ቋንጣም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም።

አጥንትና የሆድ ዕቃ ካምፕ ላይ መጣል ከጽዳት ያለፈ መዘዝ አለው። ሥጋ የለመዱ የመንደር ውሾች ወደ ከፍታው ይሳባሉ፤ ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ይሻገራል። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተደጋጋሚ ገብቶ ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ያሉት ደግሞ መቶ አይሞሉም። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ያ ክፍል ለውሻ አይሰጥም፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ በዐይነ ምድሩ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ጥልቅ ያልሆነ ጉድጓድ ጅብ ያወጣዋል። አጥንቱ በተለየ ጆንያ ተቋጥሮ በመልሱ ጉዞ ባዶ በሆነው በቅሎ ወደ ደባርቅ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚታመም ሰው አይጠፋም፤ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትም ምንጩን ይጠቁማል። ከበሉ በኋላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ትውከት ከመጣ የስታፊሎኮከስ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ብቻ ከሆነ ፐርፍሪንጀንስ ይጠረጠራል፤ ትኩሳት ያለበትና ከዚያ ዘግይቶ የሚመጣው የሳልሞኔላና የመሰሎቹ ጠባይ ነው። የከፍታ ሕመምም ራስ ምታትና ትውከት ስላለው ሁለቱ ይምታታሉ፤ ተቅማጥ ግን የከፍታ ምልክት አይደለም። የመጀመሪያው ሕክምና የወጣውን ውኃ መመለስ ነው፦ ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከ38 ዲግሪ ተኩል ያለፈ ትኩሳት፣ የሽንት መጥፋት ወይም የተጠጣው ሁሉ የማይረጋበት ትውከት ከታየ ጉዞው ይቆማል። ጨነቅ ላይ መኪና የሚደርስበት መንገድ አለ፤ ግጭ ላይ የታመመ ሰው ግን በበቅሎ ተጭኖ መንገዱ ድረስ መውረድ ይኖርበታል፤ ይህም ሳይመሽ መጀመር አለበት።